ሰንሰለቱን ሞራ የቀባሁት ለት

የሞተሬ ሰንሰለት ይጮህ ነበር። ጩኸት ስል ሲር ሲር የሚል ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ ጭነት የበዛበት አህያ ዳገት ላይ እምቢ ሲል የሚያወጣው ዓይነት ነው። ደሴ ውስጥ ከሰፈሬ ከቧንቧ ውሃ ስነሳ ፒያሳ ያሉት ይሰሙኛል። ፒያሳ ስደርስ ሻይ የሚጠጡት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «መጣ ሰውየው» ይባባላሉ። እኔን ግን አይሰማኝም። ጆሮዬ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ አዛን አያመልጠኝም። የገዛ ሰንሰለት ግን እንደ ገዛ ማንኮራፋት ነው፤ ጎረቤት ሲገላበጥ ያድራል እንጂ ባለቤቱ ድብን ብሎ ይተኛል።

«ዘይት ቀባው» ያላለኝ ሰው የለም። ሰው «አድርግ» ሲለኝ ደግሞ አላደርግም። ከልጅነቴ ያለ ነው። አባቴ «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ግባ» ሲለኝ ዝናቡን ውጭ ቆሜ የጠበቅኩ ሰው ነኝ። መጣ፤ በሰበስኩ፤ ግን አልገባሁም።

ሥራዬ የወፍጮ ድንጋይ መውቀር ነው። ድንጋይ ሲፈጭ ሲፈጭ ይዶለዱማል፤ ያኔ ዱቄቱ እንደ ክክ ይሻክራል፣ ትኩስ ሆኖም ይወጣል። እኔ መዶሻና መሮዬን ይዤ እሄድና ለድንጋዩ እንደገና ጥርስ አወጣለታለሁ። ከኩታበር እስከ ኮምቦልቻ የኔ መዶሻ ያልነካው ወፍጮ ጥቂት ነው። መዶሻዬን ይዛ የምትዞረው ያችው ሞተር ናት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው። ማሳመር አልችልበትም።

ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች። ልጆቼም ወልደው ከብደው በየቤታቸው ናቸው። ብቻዬን እበላለሁ፣ ብቻዬን እከራከራለሁ። መከራከሩ ነው የከበደኝ፤ ብቻውን የሚከራከር ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ምንም ደስ አይልም።

ኮምቦልቻ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ የወፍጮ ቤት እመቤት። ዱቄት ሽፋሽፍቷ ላይ ሰፍሮ ዓይኗ በነጭ የተከፈፈ ይመስላል። ድምጿ ትልቅ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከወፍጮ በላይ ስትናገር ስለኖረች ወፍጮው ቆሞም ትጮሃለች። «እንደምን አደሩ!» ስትለኝ ከመንገድ ማዶ ያሉት «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ግራሶውን ራሷ ነው የምትቀባው፤ ቺንጋ የሚባለውን የወፍጮውን ቀበቶ ራሷ ነው የምታጠብቀው። አንድ ወንድም አላት፣ ፋብሪካ የሚሠራ፤ እሱም ይፈራታል።

የሷ ድንጋይ የሚወቀረው በወር አንዴ ነበር። እኔ በየሳምንቱ መውረድ ጀመርኩ።

«ደግሞ መጡ?» ትለኛለች።

«ድንጋዩ ዶልዱሟል።»

«ባለፈው ማክሰኞ ነው የወቀሩት።»

«እህልሽ ጠንካራ ነው።»

«እንዲህ ከቀጠሉ ይህ ድንጋይ ሳስቶ ሳስቶ ቂጣ ሊሆን ነው!» ትልና ትስቃለች። ስትስቅ ዱቄቱ ከቅንድቧ ይረግፋል። ወላሂ፣ የሽበቴን ነገር ረሳሁት።

አንድ ቀን ቆረጥኩ። ሴቶች ከነስልቻቸው ተሰልፈዋል፤ ወፍጮው ይጮሃል። ጠጋ አልኩና «አግቢኝ» አልኳት።

«ምን?»

«አግቢኝ!»

«አይሰማም! ምን አሉ?»

ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ደም ሥሬ እስኪገተር፣ «አግቢኝ ነው የምልሽ!» ብዬ ጮህኩ። በዚያችው ቅጽበት መብራት ጠፋ። ወፍጮው ዝም አለ። የኔ ድምፅ ብቻውን ቀርቶ ግድግዳውን ዞረው። አንዲት ባልቴት ስልቻዋ ላይ ተቀምጣ ነበርና «አሁንማ ቀበሌውም ሰማ» አለች።

የወፍጮዋ እመቤት አልሳቀችም። እጇን በሽርጧ ጠረገችና መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ደጅ የቆመችውን ሞተሬን አየች።

«የሞተው ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ደግ ሰው ነበር» አለች። «ጆሮ ግን አልነበረውም። ‹ቺንጋው ላልቷል› ስለው ‹አላላም› ይላል። ሲበጠስ ደግሞ ‹ማን አወቀ› ይላል። ሃያ ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። ከእንግዲህ ጆሮ የሌለው ሰው አላገባም። ስለዚያ ሰንሰለት ስንት ጊዜ ነገርኩዎት?»

«እሱን እንኳ…»

«ሰባት ጊዜ!»

«ስምንት» አለች ባልቴቲቱ።

«እንግዲያ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ሽማግሌ ይዘው ይምጡ። ሰንሰለቱ ሳይጮህ፣ ደጄንም ሳያበላሽ ከመጣችሁ ወንድሜ ባለበት መልሴን እሰጣለሁ። ካልሆነ ድንጋይ የሚወቅር ሰው ከወሎ አልጠፋም።»

ሴቶቹ በሳቅ ስልቻቸው ላይ ወደቁ። እኔ ግን ያን የደሴ ዳገት እየዘፈንኩ ወጣሁት። ሰንሰለቱም አብሮኝ ዘፈነ፤ እሱ ዜማውን አያውቀውም እንጂ።

በነጋታው ሰፈሬ ቧንቧ ውሃ ያለው መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስለኝም፤ እጁ ግን ጥሩ ነው።

«አባባ፣ ቀላል ነው» አለኝ። «በላምባ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ወፈር ያለ የካምቢዮ ዘይት በጠብታ በጠብታ። በመጨረሻ በጨርቅ ይጠረጋል።»

«ቀብቼ ልጠርገው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ለምን ቀባሁት?»

«አባባ፣ ትርፉን ነው…»

«ወጥ ቅቤ በዛበት ተብሎ ሲጠረግ አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቀ። ይህን ጊዜ ዓይኔ ሊደፋው ያስቀመጠው ጣሳ ላይ አረፈ፤ ከመኪና የወጣ፣ የተቃጠለ፣ እንደ ሌሊት የጠቆረ ዘይት። «ይህንን ስጠኝ» አልኩት። «አቧራ ይይዛል፣ ብናኝ ብረትም አለበት፣ ይረጫል…» ሲለኝ ጣሳውን አንስቼ ሄድኩ። ቤቴ ደጅ ላይ ሰንሰለቱን ከላይ እስከ ታች አጠጣሁት። ጣሳው እስኪያልቅ። ትንሽ ነገር አልወድም።

ደግሞ ሠራ! ዝም አለ! ወዲያው ድንጋይ ልወቅር ብዬ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሞተሬን ወፍጮ ቤቱ ግቢ አቆምኩና ያልዶለዶመውን ድንጋይ ስቀጠቅጥ ዋልኩ። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ የጤፍ ስልቻ ያራግፋሉ፣ የበቆሎ ስልቻ ያራግፋሉ፤ ነፋሱም ያመጣል። ስወጣ ሰንሰለቱ ሰንሰለት መሆኑ ቀርቷል። የሆነ ግራጫ ነገር ለብሷል።

የወፍጮዋ እመቤት ጎንበስ አለች። በጣቷ ቆንጠር አደረገች፣ በመዳፏ ድቡልቡል አደረገችው፣ አሸተተችው።

«ተቦክቷል» አለች። «ነገ ይጋገራል።»

«እ?»

«ሊጥ ነዋ! ደግሞ ጀርባዎን አይተውታል?»

ኮቴን አውልቄ አየሁ። ከወገብ እስከ አንገት አንድ ጥቁር መስመር፣ በገመድ የተለካ ይመስል ቀጥ ያለ። ስልቻ ያራገፈች ሁሉ ተራ በተራ መጥታ አየችው።

«ዘይቱን ልንገርዎት?» አለች፤ አሁን በቀስታ ነው፣ ማለት ለሷ በቀስታ።

«አትንገሪኝ። አውቃለሁ።»

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ እንደ መብራት ድርግም አለ። «መርሐባ፣ ይሁን» አለች። «ሐሙስ ነው እንግዲህ።»

ወደ ደሴ ስመለስ ሊጡ ውስጥ አሸዋ ገብቶበት ሰንሰለቱ ከበፊቱ ብሶ ጮኸ። አሁን ጥርስ ማፋጨት ጨመረበት። እኔም እንደዚያው።

ሦስት ቀን አሰብኩ። ቀጭን ነገር ይረጫል፤ እርጥብ ነገር ዱቄት ይይዛል። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ትኩስ ሆኖ የሚገባ፣ ከገባ በኋላ የሚደርቅ ነገር ነው። ይህን እያሰብኩ ጎረቤቴ ሰደቃ አርዶ ኖሮ ጥሪ ሄድኩ። ደሴን የምታውቁ ብርዷን ታውቃላችሁ፤ የሥጋ ስብ ከድስት ወጥቶ አፍ እስኪደርስ ሳህኑ ላይ ይረጋል። ጣቴ ላይ ነጭ ሆኖ ደረቀ። ጣቴን አየሁት። ጣቴም አየኝ። «ሱብሐነላህ!» ብዬ ብድግ አልኩ። ሰው ሁሉ አጥንት ያነቀኝ መስሎት ጀርባዬን ደበደበኝ።

የበሬውን ሞራ ለምኜ ወሰድኩ። ሰንሰለቱን በላምባ አጠብኩት፤ መካኒኩ ስላለ ሳይሆን ራሴ ስለፈለግኩ ነው። ሞራውን በጣሳ አቅልጬ በቀለም ብሩሽ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ለቀለቅኩት። ጠዋት ስነሳ ሰንሰለቱ እንደ ሻማ ነጥቷል። በነጭ መሐረብ ነካሁት፤ መሐረቡ ነጭ ነው። ዱቄት ነሰነስኩበት፤ እፍ ስለው በረረ። ሞተሬን አስነስቼ በፒያሳ አለፍኩ። ማንም ቀና አላለም! ዞሬ እንደገና አለፍኩ። አሁንም ማንም! አልቻልኩም፣ ቆሜ ነገርኳቸው፤ «ዛሬ ሳልጮህ ነው የመጣሁት!»

«እኛ ሞተሩን የሸጥከው መስሎን» አሉ።

ሐሙስ ደረሰ። ሽማግሌ አድርጌ የያዝኩት የአርባ ዓመት ወዳጄን ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጀለቢያው እንደ ወተት የነጣ፣ ዱዓው የሚሰምርለት ሰው ነው። ሞተር ግን ይፈራል።

«ሚኒባስ አለ'ኮ» አለኝ።

«ሚኒባስ ሰንሰለት የለውም።»

«ታዲያ እሱ አይደል ጥሩነቱ?»

«ወንድሜ፣ ነገሩ በሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ካልመጣ እኔም አልመጣሁም።»

ቢስሚላህ ብሎ ተፈናጠጠ። ወገቤን ሲይዘኝ የጎድን አጥንቴ ተንጣጣ።

የደሴን ጉም ከኋላ ትተን ወደ ታች ተወረወርን። በየኩርባው ወዳጄ አንድ ዱዓ ያደርጋል፤ ያ መንገድ ኩርባው ብዙ ነው፣ ቁርኣኑን አኽትሞ ጨረሰው ማለት ይቻላል። ሰንሰለቱ ጭጭ! ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማኝ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ነበር፤ ብቻዬን እስቃለሁ።

ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ መጣ። ወዳጄ ነጠላውን ከአንገቱ አላላ። እኔ የኮቴን ቁልፍ ፈታሁ። እንግዲህ ደሴ ብርድ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት መሆኑን ከልጅነቴ አውቃለሁ። እኔ አወቅኩት እንጂ ለሞራው አልነገርኩትም።

«ጥብስ ሸተተኝ» አለ ወዳጄ።

«ኮምቦልቻ ተቃርበናል። ሥጋ ቤት ብዙ ነው።»

ትንሽ ሄድን። «ዝናብ ነው?»

«ሰማዩ ጥርት ብሏል'ኮ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚነካኝ?»

«ላብህ ነው።»

«ላቤ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው?»

መልስ ሳልሰጠው ከኋላችን አንድ ውሻ ጮኸ። ቡናማ፣ ጆሮው የተቆረጠ። ዞር ብዬ ሳየው ምላሱን አውጥቶ ከኋላ ጎማዬ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሮጣል። ከአንድ ሥጋ ቤት ደጅ ሁለት ተጨመሩ። ከድልድዩ ሥር ደግሞ ሌሎች።

«ፍጠን!» አለ ወዳጄ፤ ጀለቢያውን ጉልበቱ ድረስ ሰብስቦ፣ ሁለት እግሩን እንደ ክንፍ ዘርግቶ።

«ስፈጥን ይሞቃል፣ ይቀልጣል!»

«ምኑ ነው የሚቀልጠው?»

«ሞራው!»

«የምን ሞራ?»

«የሰንሰለቱ!»

ከዚያ በጆሮዬ ቀዳዳ፣ ከወፍጮዋ እመቤት ድምፅ በማያንስ፣ «ሰንሰለቱን ሞራ ቀባኸው?!» አለ። «ያረቢ! እኔ'ኮ ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁ፤ ቅርጫ አይደለሁም!»

የፋብሪካ ሠራተኛው ፈረቃ የሚቀየርበት ሰዓት ነበርና መንገዱ ግራና ቀኝ ሞልቷል። ሲያዩን ያጨበጭባሉ። አንዱ «ሽማግሌው ይመራል!» ይላል። ሌላው «የለም፣ ቡናማው ይቀድማል!» ይላል። ምን ልበላችሁ፣ ልቅሶም ሳቅም መጣብኝና ሳቁ ቀደመ። ወዳጄ ከኋላዬ «አትሳቅ! ስትስቅ ትወላገዳለህ!» ይላል፤ ራሱ ግን ሆዱ ይንቀጠቀጣል፣ በጀርባዬ ይሰማኛል።

እንደዚያ ሆነን ወፍጮ ቤቱ ግቢ ገባን። ሞተሬን ሳጠፋ ውሾቹ ከበቡን፤ ቆጠርኳቸው፣ ሰባት ናቸው። እኛን ዞር ብለውም አላዩን። ሰባቱም አንገታቸውን ደፍተው ሰንሰለቴን ይልሱ ጀመር።

ወንድምየው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ለወጉ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ወዳጄ ወረደ። ከጀርባው ቅባቱ ይንጠባጠባል፤ ጥምጣሙ ላይ ሳይቀር አለ። ሽማግሌ ግን ሽማግሌ ነው፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እጁን አጣምሮ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም። አመጣጣችን ለደግ፣ ለከይር ነው» ብሎ ጀመረ። ቡናማው ውሻ አንዴ ጮኸና ወደ መላሱ ተመለሰ።

ወንድምየው ውሾቹን አየ፣ ወዳጄን አየ። «ወዐለይኩሙ ሰላም» አለ። «ሽማግሌዎቹ ስምንት ናችሁ?»

የሴቶቹ ሰልፍ ፈረሰ። ያች ባልቴት ስልቻዋ ላይ ተንከባለለች። ወዳጄ ወደኔ ዞሮ በጥርሱ መካከል «ይህን ጀለቢያ የውሻ ምላስ ከነካው፣ በሸሪዓው ሰባት ጊዜ የምታጥበው አንተ ነህ፤ አንዱን በአፈር» አለኝ።

ሴቶቹ ድንገት መንገድ ከፈቱ። የወፍጮዋ እመቤት ወጥታለች።

ዛሬ ፊቷን ታጥባለች። ዱቄት የለም። ያለዱቄት አይቻት አላውቅም ነበር። ሞተሬን ዞረቻት። ከበሩ ጀምሮ ግቢው አፈር ላይ የቅባት ጠብታ ጠብታ ተሰልፏል፤ ጎማዬ አጠገብ ደግሞ ኩሬ ሠርቷል።

«ጮኸ?» አለች።

«አልጮኸም» አልኩ።

«አዎ፣ አልጮኸም። ሰባት ውሻ ጮኸለት።» ከዚያ መሬቱን በጣቷ አሳየችኝ። «ደጄስ?»

እንግዲህ መልስ ነበረኝ። ከኩርባዎቹ ጀምሮ ሳዘጋጀው ነው የመጣሁት። ጥፋቱ የፀሐይ ነው፤ ደሴ ላይ ደህና ነበር፤ ኮምቦልቻ መሞቋ የኔ ሥራ አይደለም፤ ቃልሽ ስለ ጩኸት እንጂ ስለ ውሻ አልነበረም። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እሷ ግን ሰንሰለቱን አታይም፤ አፌን ነው የምታየው። «ማን አወቀ» እስክል ነው የምትጠብቀው። ያንን ቃል ሃያ ዓመት ሰምታዋለች። እኔ ካልኩት ሌላ ሰው ድንጋይዋን ይወቅራል፣ እኔም ወደ ቧንቧ ውሃ ተመልሼ ብቻዬን እየተከራከርኩ አሸንፋለሁ።

ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«አላወቅኩበትም» አልኩ። «እንዴት ነው የሚቀባው? ንገሪኝ።»

ወዳጄ በኋላ ሲያወራ፣ ውሾቹ እንኳ መላስ አቆሙ ይላል። ውሸቱን ነው፣ አላቆሙም። እሷ ግን ሳቀች። ያለዱቄት ስትስቅ የሚረግፍ ነገር አልነበረም፣ ቢሆንም የሆነ ነገር ረገፈ።

«ቆዩ» ብላ ገባች። ባዶ ስልቻ ይዛ ወጥታ ውሾቹን አንድ በአንድ አባረረች። ወንድሟን «ለሽማግሌው ውሃና ሳሙና ስጥ። መልሱ ከሰንሰለቱ በኋላ ነው» አለችው። ከዚያ ላምባ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ እና አፉ ቀጭን የሆነ የመድኃኒት ብልቃጥ አምጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቁጭ ይበሉ ሳትለኝ ቁጭ አልኩ።

ሞራውን በላምባ አሸት አሸት አድርጋ አወጣችው። ውሾቹ የላሱትንም ደጋግማ አጠበችው። ስታደርቀው «ግራሶስ ለምን አትቀቢውም? ለወፍጮው ትቀቢ የለም?» አልኳት።

«የወፍጮው ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚዞርበት፣ ቤት አለው፣ ተሸፍኗል። ሰንሰለት ግን ሜዳ አዳሪ ነው፤ ግራሶ ከቀቡት የመንገዱን አቧራ ሁሉ እንግዳ አድርጎ ይቀበላል። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ የሰው ቆሻሻ ነው፤ ከሌላ ሞተር የወጣ ብናኝ ለራስዎ ሞተር ምን ይሠራለታል? ይህ የካምቢዮ ዘይት ነው። ወፍራም ነው፣ አይሮጥም። ጎማውን በእጅዎ ያዙሩልኝ። ቀስ ብለው። ወደ ኋላ።»

አዞርኩ። ከታችኛው ሰንሰለት፣ በውስጥ በኩል፣ መጋጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ። ቀጣዩ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ። «በውስጥ በኩል ካስገቡት ሲዞር ራሱ እየገፋ ያዳርሰዋል» አለች። «በውጭ ካፈሰሱት ሲዞር ይወረውረዋል፤ ኮትዎ ያውቃል።»

«አንድ ጠብታ ታንሳለች።»

«ይበቃል።»

«ሁለት ብታደርጊ…»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንድ ይበቃል» አልኩ እኔ።

ከዚያ ጨርቁን አንስታ ሰንሰለቱን ጨብጣ መጥረግ ጀመረች። ዝም ማለት አቃተኝ። «ቀብተሽ ትጠርጊዋለሽ?»

«የሚታየው ዘይት ሥራ ፈት ነው» አለች። «ሥራ ያለው ውስጥ ገብቷል።»

«ያ የቧንቧ ውሃ መካኒክም እንዲሁ ብሎኝ ነበር።»

ጨርቁ ቆመ። «ነግሮዎት ነበር?»

«አዎ።»

«ላምባውን? የካምቢዮ ዘይቱን? መጥረጉን?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ?»

«ልጅ ነው ብዬ።»

ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ስታነሣው ግንባሯ ላይ የዘይት ምልክት ቀርቷል። አልነገርኳትም፤ አሳምሯታል። ተነስታ እጇን ታጠበችና ወደ ወዳጄ ሄደች። እሱ ምስኪን ጀለቢያውን ፊት ለፊቱን አጥቦ ጀርባውን አልደረሰበትም።

«አባቴ፣ ንግግርዎን ከየት ነበር ያቆሙት?»

«ከመጀመሪያው ነው፣ ልጄ። ‹ለከይር ነው› ካልኩ በኋላ አላስኬዱኝም።»

«እንግዲያ ከመጨረሻው ይጀምሩ» አለች።

ወዳጄ ዓይኑን አርገበገበ። የሽማግሌ ንግግር መጨረሻው፣ እሺ ሲባል፣ ዱዓ ነው። ወንድሟ ገባው፤ ሴቶቹ ገባቸው፤ የመጨረሻ የገባኝ እኔ ነኝ፣ እልልታው ሲቀልጥ። ወዳጄ ሞራ ያልለቀቀውን መዳፉን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ያች ባልቴት ከሁሉ በላይ ጮኻ «አሚን!» አለች። መብራት እንኳ ቢጠፋ ማንም አያውቅም ነበር፤ ወፍጮውን የሚያስታውስ አልነበረም።

ኒካሓችን የታሰረ ለት ደሴ ይዣት ወጣሁ። ነጭ ለብሳ፣ ጎን ለጎን ተፈናጣ፣ አንድ እጇ ትከሻዬ ላይ። ፒያሳ ስንደርስ «አቁም» አለችና ወርዳ የቀሚሷን ጫፍ ዞራ ዞራ አየችው። አንዲት ነጥብ የለም። ሻይ የሚጠጡት ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ ከየት እንደመጣን ማንም አልሰማም። እሷ ግን «እንደምን ዋላችሁ!» ስትላቸው ሁለቱ ሻያቸውን ደፉት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ፣ ከጉዞ ስንመለስ፣ ሰንሰለቱ ገና ለብ እንዳለ፣ እኔ ጎማ አዞራለሁ፣ እሷ ታንጠባጥባለች። እንከራከራለን፣ አልሐምዱሊላህ። አላሸንፍም። ወዳጄ የሚሄደው በሚኒባስ ነው፤ ጀለቢያውን ሰባት ጊዜ አጥቤለታለሁ፣ አንዱን በአፈር።

ያ ጆሮ ቆራጣ ቡናማ ውሻ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ሞተሬን ባቆምኩ ቁጥር ከየትም ብሎ ይመጣል። ሰንሰለቱን አንዴ ያሸታል፣ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ «እንዲህ ነው እንግዲህ» እንደሚል ሰው ይተነፍስና እግሩን እየጎተተ ይሄዳል።